ያልሰማሁት ቃል

አባቴ ሲሰብክ እኔ ጥቁር እለብሳለሁ። ሐዘን ገጥሞኝ አይደለም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ልብሷ ድፍን ካልሆነ እጆቿ አይታዩም፤ አበባ ያለበት ሸሚዝ ላይ ጣት ይጠፋል። ከመድረኩ በስተግራ ባለችው አጭር የእንጨት መቆሚያ ላይ ሆኜ የመጋቢውን ቃል በእጄ ለፊተኛው አግዳሚ አደርሳለሁ። እዚያ የሚቀመጡት መስማት የተሳናቸው ምዕመናን ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ፣ ጆሮው ደህና ሆኖ ሳለ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእናቱ ጎን ተለይቶ የማያውቀው ልጃቸው ይቀመጣል።

እኔ እሱን ላለማየት አልችልም። አስተርጓሚ ዓይኗን ከሰዎቿ ላይ አትነቅልም፤ ነገሩ እንደገባቸው የምታውቀው ከፊታቸው ነው። እሱ ግን እኔን ላለማየት ይችላል። ይህ ነገር በጀመረበት እሑድም ሲያይ የነበረው ጫማውን ነው።

ልብስ ሰፊዋ ለሰው ሁሉ የየራሱ ምልክት አውጥተውለታል። እኔን ሲጠሩ ጉንጫቸውን በጣት ወጋ ያደርጋሉ፤ በአፍ ቢሆን "ስርጉድ" እንደ ማለት ነው። አባቴ ሲሰብክ ጣቱን ወደ ላይ ስለሚቀስር እሱን "ጣቱ" ይሉታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ አያውቅም። ልጃቸውን የሚጠሩት ደግሞ በአንድ ጣታቸው የሌላውን እጃቸውን መዳፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርገው በማስመር ነው። መስታወት ቆራጭ ነው። ያንን ምልክት ባየሁ ቁጥር በራሴ መዳፍ ላይ ቀዝቃዛ መስመር የሚያልፍ ይመስለኛል።

እኔና እሱ እንደምንዋደድ ለአባቴ የነገርነው አብረን ገብተን ነው። ቢሮው ውስጥ፣ የመጻሕፍቱን መደርደሪያ ተደግፎ፣ እስከ መጨረሻው ሰማን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"እግዚአብሔርን ጠይቃችኋል?"

እርስ በርስ ተያየን። ጫማ ስንገዛ እንኳ ጸልየን የምንገዛ ሰዎች ይሄንን በወጉ አልጠየቅንም ነበር።

"እንግዲያው ጠይቁ" አለ አባቴ። "መልስ እስክታገኙ አትገናኙ፣ አትደዋወሉ፣ አትነጋገሩ። በራሳችሁ ድምፅ የእሱን ድምፅ አትሸፍኑት። እኔም እጸልያለሁ።"

ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ሁለታችንም ከልባችን ነው የተቀበልነው። መስታወት ቆራጩ ተነሥቶ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘና "ቃሌ ነው፣ መጋቢ" አለ።

ከዚያ ወዲህ ሳምንታት አልፈው ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰረቅ አድርጎ ያየኝ ነበር። ቆይቶ ያንንም ተወው። ምን ብዬ ልረዳው? ጠይቆ "አይሆንም" ተብሎ ይሆን? ከእኔ ቀድሞ ሰምቶ፣ መናገሩ ስለተከለከለ፣ በጫማው በኩል እየነገረኝ ይሆን?

አባቴ ስብከቱ ሲግል መፍጠን ይወዳል። ያኔ ቀኝ እጄን ከትከሻዬ በላይ አነሣለሁ። "አልሰማሁም፣ ድገመው" ማለት ነው። ምዕመናኑ ለምደውታል፤ እሱም ቆም ይልና ይደግምልኛል። የዚያን እሑድም ሁለቴ አስቆምኩት። ሁለተኛው "ዛሬ የደስታ ቀን ነው!" ያለው ነበር። ደገመው። እጆቼ ደስታውን ከደረቴ አንሥተው ወደ አግዳሚው ረጩት። ፊቴንም ፈገግ አደረግሁ፤ ፊት የሌለው ምልክት ግማሽ ቃል ነው። መስታወት ቆራጩ ቀና አላለም። ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ቀርቶ፣ የት እንደማደርሰው ጠፋኝ።

*

ከሰዓት በኋላ አባቴ ሳሎን ጠራኝ። እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆና የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። አንዱን ፎጣ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና ስታጥፈው ሳይ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"ቁጭ በይ ልጄ። ሽማግሌው ሕልም አይተዋል።"

ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያናችን አንጋፋ መሪ ናቸው፤ ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ነው።

"ምን አዩ?"

"አንቺና ልጃቸው በአንድ በር ስትገቡ።"

"የምን በር?"

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። "ነጭ በር ነው ያሉት" አለች እናቴ ዓይኗን ከፎጣው ሳታነሣ።

የልጃቸው ክሊኒክ በር ነጭ ነው። እኔም በቅርቡ መንጋጋዬን አሞኝ ገብቼበታለሁ። ይህ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ፤ ግን አልተናገርኩትም። እንዲህ ያለ ነገር በሰዓቱ የሚናገር ምላስ አልታደልኩም። የእኔ መልስ ሁልጊዜ ማግስቱን ነው የሚመጣው።

"ሕልሙ ብቻ አይደለም" አለ አባቴ። "እኔም ስጸልይ ልቤ ወደዚያ አደላ። ሰላም አገኘሁበት። እግዚአብሔር እያሳየን ነው።"

"ልጁን ጠልተነው እንዳይመስልሽ" አለች እናቴ። "ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው። ግን እስቲ አስቢው፣ ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ መሰላል እንድትይዢለት ነው? ባልሽ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ እየዋለ አንቺ እቤት ሆነሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልትደነግጪ?" ፎጣውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። "ደግሞስ ልጆቻችሁ እንደ አያታቸው ቢሆኑስ?"

"እሳቸው እኮ በልጅነታቸው ታመው ነው።"

"እንደሱ ይባላል።"

ቢሆኑስ? ማለት ፈለግሁ። ቢሆኑስ፣ እናታቸው አስተርጓሚ አይደለች?

"አንቺስ?" አለ አባቴ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። "ምን ሰማሽ?"

"እስካሁን ምንም።"

"ዝምታም እኮ መልስ ነው ልጄ።"

ሥራዬን የተማርኩት ከአንዲት ቁጡ መምህርት ነው። "ያልሰማችሁትን አትተርጉሙ!" ይሉን ነበር ጠረጴዛውን እየደበደቡ። "ገምታችሁ አትሙሉ! እጅ አንሡ፣ ተናጋሪውን አስቁሙ!" ከእኛ በፊት የተማረ አንድ ተማሪያቸው ሠርግ ላይ ሲያስተረጉም የሙሽራው ስም አልሰማ ይለዋል። ማስቆም አፍሮ የመሰለውን ስም አስተላለፈ። ያስተላለፈው የሚዜውን ነበር። መስማት የተሳናት ሙሽራ ሚዜውን አየችው፣ ሙሽራውን አየችው፣ ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች። ክፍሉ በሳቅ ሲናጋ መምህርታችን አይስቁም። "ዝምታ ዝምታ ነው" ብለው ይጨርሱታል። "አይተረጎምም።"

ይህንን ለአባቴ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን አባቴን አስቁሜው የማውቀው በዚያች መቆሚያ ላይ ሆኜ፣ በእጄ ብቻ ነው። ሳሎን ውስጥ አስቁሜው አላውቅም።

አባቴ ተነሥቶ መጣና መዳፉን ራሴ ላይ አሳረፈ። "አውቀው ነበር" አለ። "ታዛዥ ልጅ ነሽ። ጊዜው ሲደርስ ለምዕመናኑ እነግራቸዋለሁ።"

ምንም አላልኩም እኮ። ዝም ነው ያልኩት። እኛ ዘንድ ደግሞ ከመድረክ የተነገረ እጮኝነት አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ "አልፈልግም" የምትል ልጅ አባቷን በምዕመን ፊት ውሸታም ታደርገዋለች። የአባቴ እጅ ሞቃት ነበር። ከሥሩ ራሴን ማንቀሳቀስ ፈራሁ።

*

ቃል የገባሁት ከእሱ ጋር ላለመነጋገር ነው እንጂ ከእናቱ ጋር አይደለም። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ፣ እጅጌ ማሳጠር የሚል ሰበብ ይዤ ወደ ልብስ ስፌቱ ቤት ሄድኩ። እዚያ በር ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ደወል አይጮህም፤ ከስፌት መኪናው በላይ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ልጃቸው ነው የገጠመላቸው። በእጅ ሲወራ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ እላቸዋለሁ።

አምፖሉ ሲበራ ቀና አሉ። ከንፈራቸው መካከል የያዟቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ ነቅለው ትንሿ የስፒል ትራስ ላይ ሰኳቸው።

"ስርጉድ! ከሳሽ እኮ! እኔ የሚከሳው የእኔ ልጅ ብቻ መስሎኝ።"

"አይበላም እንዴ?"

"መብላቱንስ ይበላል። ግን ሳህኑን እንደ መስታወት አተኩሮ እያየ፣ 'በየት በኩል ልቁረጠው' እያለ ነው።"

ሳላስበው ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ሸሚዜን ተቀብለው ገለባብጠው አዩት።

"ዕድሜዬን ሙሉ አልሰማም" አሉ ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው። "ግን እንደ እናንተ እንደ ሁለታችሁ ዝም ያለ ሰሚ አይቼ አላውቅም።"

"ቃል ገብተን ነው።"

"አውቃለሁ። እሱን አይደለም የምልሽ።" ወደ በሩ ገልመጥ አሉ፤ የምልክት ወሬ ከሩቅ እንደሚታይ ያውቃሉ። "እሑድ የጥርስ ሐኪሙ እናት ከአዳራሹ ማዶ ሆና ለጓደኛዋ ስታወራ ከንፈሯን አነበብኩ። 'ሙሽራችን' አለች። ስትል የምታየው አንቺን ነው። እውነት ነው?"

"ሽማግሌው ሕልም አይተዋል" አልኳቸው።

"ጥርስ ሐኪም እኮ ጥሩ ነው" አሉ። "አፍሽን ከፍተሽ ምንም አለመናገር ያስለምድሻል።"

ቀልዱ የእሳቸው ነው፤ ግን አልሳቁበትም። እኔም ዓይኔን አበስኩ።

"የእግዚአብሔር ፈቃድ የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "አባቴ አገኘሁት ይላል። ሽማግሌው አየሁት ይላሉ። እኔ እጸልያለሁ፣ ምንም የለም። ምናልባት ሁሉም የሚሰማውን መስማት የማልችል እኔ ነኝ።"

"እሱማ የእኔ ሙያ ነው" አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ስሚ። ከኋላዬ ሆኖ የሚጠራኝ ሰው ምን ቢጮህ አልሰማውም። የማያውቀኝ ሰው ይጮሃል፣ ይናደዳል፣ 'ኩሩ ናት' ብሎ ይሄዳል። የሚያውቀኝ ግን ዞሮ ከፊቴ ይመጣል። እግዚአብሔር ያውቀኛል። ስለዚህ ከፊቴ ነው የሚመጣው።"

"ካልመጣስ?"

"እስኪመጣ ስፌቴን እሰፋለሁ። በመስኮት ጥላ ባለፈ ቁጥር ግን 'እሱ ነው' ብዬ አልነሣም።"

አምፖሉ ብልጭ አለ።

ቁልፉን በክርኑ ተጭኖ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ የገባው እሱ ነበር፤ ለእናቱ ቤት የተሰነጠቀ መስኮት የሚሆን አንድ ሙሉ መስታወት በሁለት እጁ አቅፏል። መስታወት የያዘ ሰው በድንገት አይዞርም። ስለዚህ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ እሱን አየሁት፤ በመስታወቱ ላይ ደግሞ ራሴን። ትንፋሹ መስታወቱን ትንሽ አደበዘዘው።

ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ሲነሣ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ነበር። ከደረቱ ተነሣች፣ ወደ ፊት ትንሽ ወጣች፣ እዚያው አየር ላይ ቆመች። ከዚያ ጨበጣትና ወደ ኪሱ ከተታት። ወጥቶ ሄደ።

ከደረት ተነሥተው ወደ ፊት የሚወጡ ሁለት ቃላት አሉ። በአንደኛው መዳፍ ወደ ራስ ይዞራል፤ "ጠብቂኝ" ነው። በሌላው መዳፍ ወደ ውጭ ይገፋል፤ "ተዪኝ" ነው።

"ምን አለሽ?" አሉኝ እናቱ፤ እሳቸው ጀርባውን ብቻ ነው ያዩት።

"አልጨረሰውም።"

"ምን ሊልሽ መሰለሽ?"

"አልገምትም" አልኳቸው። የመሰለኝንማ ልቤ በሁለቱም በኩል እየደጋገመ ያነብልኝ ነበር፤ እስከ ቤት ድረስ፣ አንዴ ወደ ራስ፣ አንዴ ወደ ውጭ።

*

እሑድ ከቤት ስንወጣ እናቴ ሸሚዜን አየችና "ዛሬ እንኳ ሌላ ቀለም ብትለብሺ ምን ነበረበት?" አለች። ለምን ዛሬ ብዬ አልጠየቅኋትም። አዳራሹ ስንደርስ መልሱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሽማግሌው፣ አዲስ ቀሚስ የለበሱት ባለቤታቸው፣ እና ክራባቱን ደጋግሞ የሚያላላው የጥርስ ሐኪሙ።

መቆሚያዬ ላይ ወጣሁ። እጄ ሥራዋን ታውቃለች። መስታወት ቆራጩ ከእናቱ ጎን ነው፤ ዓይኑ መሬት ላይ።

የዚያን ቀን የአባቴ ስብከት ስለ ጥበብ ነበር። አንድ ሰው የራሱን ፍላጎት ከአምላኩ ፈቃድ እንዴት እንደሚለይ ነው የሰበከው፤ እውነቱን ለመናገር ካስተረጎምኳቸው ስብከቶቹ ሁሉ የተሻለ ነበር። "ጥበብ ያነሰው ሰው ይጠይቅ" አለ ጣቱን ቀስሮ። "እግዚአብሔር የሚጠይቀውን ሰው አይቆጣም። 'እስካሁን እንዴት አላወቅህም?' አይልም። ሳታውቁ እንዳወቀ ሰው ከመሆን ግን ይጠብቃችሁ!" እጆቼ ይህን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ለአግዳሚው አደረሱ። ልብስ ሰፊዋ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ።

ከዚያ መጽሐፉን ዘጋ። ድምፁ ተለወጠ።

"አሁን እንደ መጋቢ ብቻ ሳይሆን እንደ አባት የማካፍላችሁ ደስታ አለኝ።"

ተናጋሪው "እኔ" ሲል አስተርጓሚም "እኔ" ትላለች፤ የሥራው ሕግ ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "እኔ ደስታ አለኝ" አልኩ።

"ልጄን ታውቋታላችሁ" አለ።

"ልጄን ታውቋታላችሁ" አሉ እጆቼ። ፊተኛው አግዳሚ ፈገግ አለልኝ።

"ለልጄ እግዚአብሔር የትዳር አጋሯን አሳይቶናል።"

"ለልጄ" አልኩ። "እግዚአብሔር" አልኩ። እጄ ወደ ላይ እንደወጣች ቀረች።

ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቀጣዩን ቃል ይጠብቃሉ። ከእሳቸው ጎን ያለው ልጅ ግን በጆሮው ሰምቷል። ጉልበቱን የጨበጡት ጣቶቹ ሲነጡ አየሁ። ቀጣዩን ካልኩት አለቀ። ለእናቱ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ በራሴ እጅ፣ "አሳይቶናል" ብዬ፣ በአምላክ ስም።

ቀኝ እጄን ከትከሻዬ በላይ አነሣሁ።

አባቴ ቆም አለና እንደ ሁልጊዜው ፈገግ አለ። "እግዚአብሔር" ብሎ ቀስ አድርጎ ደገመልኝ፣ "የትዳር አጋሯን አሳይቶናል።"

እጄ አልወረደችም።

ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ሰው ችግሩ የእሱ መስሎት ድምፁን ጨመረ። "አሳይቶናል!" አለ አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ፤ ቃሉ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ከኋላ አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። እጄ እዚያው ነች።

"ልጄ?" አለ አባቴ። "አልሰማሽም?"

"አልሰማሁም፣ አባዬ።" ድምፄ ቀጭን ነው፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። "አንተን ሰምቼሃለሁ። 'አሳይቶናል' ያልከውን ግን እኔ አላየሁም። አልሰማሁም። ያልሰማሁትን መተርጎም አልችልም።"

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ሽማግሌው ብድግ ብለው "ሕልሙን እኮ እኔ ራሴ—" ሲሉ ባለቤታቸው እጃቸውን ያዟቸው። በዚህ መሐል ልብስ ሰፊዋ አግዳሚውን በመዳፋቸው ደበደቡ።

"ምን ተባለ? የሰዉ ሁሉ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ለእኛ የሚነግረን የለም? ሥራሽን ሥሪ እንጂ ስርጉድ!"

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የተናገርኩትን በእጄ ደገምኩት። "እኔ አልሰማሁም" ስል እጄ ደረቴን ነካች። ስንት ዓመት እዚያው ቦታ ስትነካኝ ኖራለች፤ ሁልጊዜ ግን የሌላ ሰው "እኔ" ነበር። አሁን የራሴ ሆኖ ሲገኝ ከበደኝ።

"ታዲያ ምን ሰማሽ?" አባቴ አልተቆጣም። ድምፁ ተጎድቶ ነበር፤ እሱ ይብሳል። በእጁ ወደ መስታወት ቆራጩ ጠቆመ። "እሱን አግቢ ተባልሽ?"

አንድ "አዎ" ይበቃኝ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ "እግዚአብሔር ነገረኝ" ያለን ሰው የሚከራከር የለም። ልቤ "በዪ" አለኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"አይደለም" አልኩ። እጆቼ አብረውኝ ይናገራሉ። "ያንንም አልሰማሁም። ተነገረኝ ብል ውሸት ነው። አባዬ፣ የሚጠይቀውን አይቆጣም ብለህ አሁን ሰብከሃል። እኔ ዛሬም እየጠየቅሁ ነው። ዝም ስል ግን 'እሺ' አላልኩም። እሱን የምወደው…" ድምፄ ቆመ። እጆቼ አልቆሙም፤ አግዳሚው ከአዳራሹ ቀድሞ ሰማ። "የምወደው እኔ ነኝ። ይሄ የራሴ ድምፅ ነው። በእግዚአብሔር ስም አልጠራውም።"

ፊቴ ተቃጠለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባልጠላሁ። ሰው ሁሉ እየተያየ ሳለ ከሁለተኛው ረድፍ የጥርስ ሐኪሙ ተነሣ።

"መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "እኔንም የጠየቀኝ ሰው የለም።"

"ቁጭ በል አንተ!" እናቱ ኮቱን ጎተቱት።

"ጨርሻለሁ፣ እማዬ።" ተቀመጠ። ክራባቱን ጨርሶ ፈታው። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

አባቴ ድምፅ ማጉያውን ዘጋ። ከመድረኩ ደረጃ ወርዶ ወደ እኔ መጣ፤ ግን በአቋራጩ ከጎኔ አልመጣም። ዞረ። ዞሮ ከፊቴ ቆመ። በዚያ ሰዓት ያሰበው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን ክንዴ ሁሉ ውርር አለኝ።

"እኔም አልሰማሁም" አለኝ በዝቅተኛ ድምፅ። ቅንድቡ ላይ ላብ አለ። "ፈራሁ እንጂ። አንቺን ለመሰላልና ለነፋስ መስጠት ፈራሁ። ሽማግሌው ያንን ሲነግሩኝ ፍርሃቴ ቀለለኝ፤ እኔ ሰላም መሰለኝ።"

በሕይወቴ አባቴ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ። አግዳሚው እንደገና ተደበደበ።

"ምን ይላሉ?" አለ አባቴ ወደ ልብስ ሰፊዋ እያየ።

"ምን እንዳልከኝ እየጠየቁ ነው። … ልተወው?"

ሰዎቹን አያቸው። ረዘም አድርጎ አያቸው፤ ያን ሁሉ ዓመት ከላይ ሆኖ የሰበከላቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቆሞ።

"እንዳለ ንገሪያቸው" አለ።

ነገርኳቸው። "እኔ ፈራሁ" ስል እጄ ደረቴ ላይ ነበረች፤ "እኔ" የእሱም ነበር፣ የእኔም ነበር። ልብስ ሰፊዋ እስከ መጨረሻው አዩኝ። ከዚያ በትንንሽ፣ በቀስታ በሚሄዱ ምልክቶች መለሱ።

"'እኔም ፈርቼ ነበር በዪው' ይሉሃል" አልኩት። "'ልጄን ትንቁብኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ነበር።'"

አባቴ አንገቱን ደፋ። ሲያቃናው ዓይኑ ርሶ ነበር። "ገና አብረን እንጠይቃለን" አለኝ፤ "ከዛሬ ጀምሮ ግን ተነጋግራችሁ ጠይቁ።"

መስታወት ቆራጩ ያኔ ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው አባቴን ነው፤ ከቃሉ መፈታቱን ለማረጋገጥ እንደሚጠብቅ ሰው። አባቴ ራሱን ነቀነቀለት። ከዚያ በኋላ ነው እኔን ያየኝ። ያን ሁሉ እሑድ ዓይኑን ለምን እንደነፈገኝ ያኔ ገባኝ፤ እኔን እያየ እጁን ዝም ማሰኘት አይችልም ነበር።

አሁንም አልቻለም። እጁ ከደረቱ ተነሣች። ወደ ፊት ወጣች። እዚያ ቦታ ላይ አልቆመችም፤ መዳፉ በቀስታ ወደ ራሱ ዞረ። ከዚያ ሌላም ጨመረ፣ እናቱ እንኳ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው የመለሱበትን።

"ምን አለሽ?" አለ አባቴ።

ያንን ግን ለማንም አልተረጎምኩትም።